ከፈረቃ ሰፈር እስከ ካሪቢያን

ጀልባ ላይ እንደምንኖር ለእናቴ በስልክ ስነግራት ለአፍታ ዝም አለች። እሷ የምታውቀው ጀልባ ወደ የመን የሚያሻግረውንና ሜዲትራኒያን ላይ የሚሰጥመውን ነው፤ በዚያው መንገድ ልጁን ያጣ ጎረቤት አላት። «እማዬ፣ የኛ ሌላ ነው፤ ወደን ነው የገባንበት» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ውይ ልጄ! ኪራዩ ስንት ቢደርስባችሁ ነው?» አለች። ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ትራስ ነከሰች።

እውነቱን ለመናገር ዋሽንግተን ታክሲ ስነዳ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ አልበቃ ሲል ነው ለአሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ የበቃው። ስለዚህ እናቴ ብዙም አልተሳሳተችም።

መንደራችን ምሥራቅ ካሪቢያን ነው፤ ከግሬናዳ ተነስቶ በካሪያኩ፣ በቤክዌ፣ በሴንት ቪንሰንትና በሴንት ሉሺያ አድርጎ እስከ ማርቲኒክ የሚዘልቀው የደሴቶች ሰልፍ። ከምሥራቅ የሚመጣው የንግድ ነፋስ አብዛኛውን ዓመት ስለማያቋርጥ ነዳጅ ብዙም አይፈጅብንም። የሚፈጀው ጊዜ ነው። 11 ሜትር የምትረዝመው ጀልባችን ሸራዋ ሲሞላላት 6 ኖት ትሄዳለች፤ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨርሶታል። እኛ ለዚያው ርቀት አራት ሰዓት ገደማ ያስፈልገናል፤ ያውም ነፋሱ ከፈቀደ።

ዙሪያህን ውኃ ከቦህ የሚቸግርህ ደግሞ ውኃ ነው። ከወለሉ ሥር የተሸጎጠው ሮቶ 300 ሊትር ይይዛል፤ ወጡም፣ ሳህኑም፣ ገላውም፣ ልብሱም ውኃ የሚያገኘው ከዚያው ነው። ፈረንጆቹ ጎረቤቶቻችን ለዚህ ኑሮ መጽሐፍ አንብበው፣ ኮርስ ወስደው ነው የመጡት። አንድ ጀርመናዊ ጡረተኛ በሁለት ሊትር ውኃ ገላውን መታጠብ እንደቻለ ሲተርክልን ባለቤቴ በጨዋነት አዳመጠችውና «ፀጉርህንም ጨምሮ ነው?» ስትል ጠየቀችው። እሷ የጉለሌ ልጅ ናት። ውኃ በፈረቃ፣ ያውም ሰው በተኛበት ሌሊት ብቅ በሚልበት ግቢ ነው ያደገችው። አትክልት የታጠበበት ለምን እንደሚውል፣ ልብስ የተለቃለቀበት የት እንደሚደፋ ማንም አላሠለጠናትም። በማግስቱ የጀርመናዊው ሚስት ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዶፍ ሲጀምር የሰላጤው ሰው ሁሉ መስኮት ለመዝጋት ይሯሯጣል፤ እኛ ባልዲ ለመደርደር እንሯሯጣለን።

መብራቱም ቢሆን ያው ነው። የፀሐይ ፓነሎቻችን ሁሉ ቢደመሩ 400 ዋት ናቸው፤ አገር ቤት የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ለብቻው 3,500 ዋት አካባቢ ይጠጣል። ስለዚህ እንጀራችንን በጋዝ፣ በመጥበሻ፣ የሳህን ስፋት እያደረግን እንጋግራለን። በዚህ ሙቀት ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ማዕበሉም በነፃ ያሸልናል። አንድ ቀን ወደ ቤክዌ ስንሻገር ሊጡ ክዳኑን ጥሎ ወጣና ወደ መኝታ ክፍላችን ዘለቀ። ማታ ደክሞን ስንገባ ቀድሞን ተኝቶ አገኘነው።

ለቡና ግን ጀልባ የሚያህል የለም። ምድጃው በማጠፊያ የተንጠለጠለ በመሆኑ ጀልባዋ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስትል እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሠራው ሰው ጀበና አይቶ የሚያውቅ ይመስለኛል። ጣጣ ያመጣው ዕጣኑ ነው። ጭሱ በመስኮት ሲወጣ አንዱ ጎረቤት ለአደጋ ጥሪ በተመደበው የሬዲዮ ቻናል 16 ተጣራ፤ «እሳት ተነስቶባችኋል?»

«የለም፣ ቡና ነው። ኑ ጠጡ» አልነው።

ጥሪውን የሰማው እሱ ብቻ አልነበረም። በረካው ሲደርስ የሰላጤው ግማሽ እኛ ጀልባ ላይ ነበር፤ የስኒው እጣቢ ብቻ የነገውን የውኃ ድርሻችንን ይዞ ሄደ።

ትዳር የሚፈተነው ግን መልሕቅ ሲጣል ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ጥልቀቱ 5 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 25 ሜትር ሰንሰለት ይለቀቃል፤ መልሕቁ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚይዘው ከጎን ሲጎተት እንጂ ወደ ላይ ሲሳብ አይደለምና። በሕጉ ላይ ልዩነት የለንም። ልዩነታችን ስንት ሜትር እንደተለቀቀ ነው። ባለቤቴ ከፊት ሰንሰለቱ ጋ፣ እኔ ከኋላ መሪው ጋ ነን፤ በመሀላችን ሞተርና ነፋስ ይጮኻሉ። ፈረንጆቹ ለዚህ የሚግባቡበት የእጅ ምልክት አላቸው። እሷ ግን የአዲስ አበባን የመኪና ማቆሚያ ልጆች ቋንቋ ይዛ መጥታለች፤ «ና! ና! ትንሽ ሰበር! ቀኝ ሙላ! በቃ! በቃ አልኩህ እኮ!» ጎረቤቱ ሁሉ መጠጡን ይዞ ለትርዒቱ ይወጣል። እኛ መጥተን ሳንጣላ መልሕቅ ከያዘልን ቅር እያላቸው የሚገቡ አሉ።

የማይቀለድበት የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር። ኢንሹራንሶች በዚህ ጊዜ «ወደ ደቡብ ውረዱ» ይላሉ፤ ብዙ ጀልባም ወደ ግሬናዳ ይወርዳል። ነፋሱ ግን ውሉን አላነበበም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቫን ግሬናዳን ራሷን አፈራርሷታል፤ ቤሪል ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 2024 ካሪያኩ ላይ ወርዶ ቤቱንም ጀልባውንም አንድ ላይ አጨደው። በነዚህ ወራት ባለቤቴ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፣ እኔ የአየር ትንበያ እደግማለሁ፤ ማታ ላይ እናመሳክራለን።

ቤክዌ፣ ፖርት ኤልዛቤት ገበያ ውስጥ አትክልት የሚሸጥ ራስተፈሪያን ወዳጅ አለኝ። መደቡ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀብቷል። ከኢትዮጵያ መሆኔን የነገርኩት ዕለት ዱባዬን ከሚዛኑ ላይ አንስቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ጃንሆይ ኪንግስተን የወረዱበትን ቀን፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ራስታዎች በየዓመቱ እንደሚያከብሩት ያወቅሁት ከሱ ነው። ቀጥሎ ስለ ሻሸመኔ ጠየቀኝ። እኔ ሻሸመኔን የማውቃት ወደ ሐዋሳ ሲሄዱ ምሳ የሚበላባት ከተማ አድርጌ ነው። ያንን እንዴት ይነገረዋል? «መልካም አገር ናት» አልኩት።

«ታዲያ ያን መሬት ትተህ ውኃ ላይ የምታድረው ለምንድን ነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሱ ለመሳፈሪያ የሚያጠራቅምለት አገር እኔ ተሳፍሬ የወጣሁበት ነው፤ እኔ በታክሲ ያጠራቀምኩለት ደሴት ደግሞ እሱ ጥሎት መሄድ የሚመኘው ነው። ዱባውን አልሸጥልህም ብሎ በነፃ ሰጠኝ። እኔም ከጀልባዬ በርበሬ አመጣሁለት። በጣቱ ጫፍ ቀመሰና ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጽዮን ይህ ነው?»

«መግቢያዋ ነው» አልኩት።

እንዲህ ያለው ኑሮ የሚያምራቸው ወዳጆቼ ከየት እንጀምር ይሉኛል። ለአሜሪካኖቹ የምሰጠው ፈተና አለኝ፦ ለአንድ ወር ቧንቧችሁን ዝጉ፤ መብራታችሁ በፈለገው ሰዓት ይጥፋ፤ ሌሊት ነፋስ ሲነሳ ከአልጋ ወርዳችሁ ምን እንደተወሰደ አጣሩ፤ ስለ ነገው ለሚጠይቃችሁ ሁሉ «እግዜር ያውቃል» በሉ። ከአዲስ አበባ ለሚደውሉልኝ ግን ፈተና አልሰጥም፤ በማዕረግ አልፈዋል። የሚቀራቸው ጀልባው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ቀድሞ ሳይደርሳቸው አይቀርም።