ዶክተር ሊሆን ነው፤ ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል?

«የፒኤችዲ ተማሪ ደግሞ ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል? ነገ ሌላውን የሚያሠለጥን ሰው!»

ጌታዬ፣ ነገ የሚያሠለጥን ከሆነ ዛሬ ይሠልጥን ነው የምንለው።

አገራችን ውስጥ ዶክትሬት ከሚማሩት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ደመወዛቸው ከላካቸው ተቋም እየተከፈለ፣ ተመልሰው ለማገልገል ግዴታ ፈርመው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐሮማያ ወይም ጎንደር ይገባሉ። ዲፌንሳቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ወዲያው የማስተርስ ተማሪዎች ይመደቡላቸዋል። የምርምር ገንዘብ አምጡ ይባላሉ። ጥቂት ቆይቶ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነት ይከተላል። ተማሪ እንዴት እንደሚማከር፣ ለገንዘብ ሰጪ ፕሮፖዛል እንዴት እንደሚጻፍ፣ የምርምር በጀት እንዴት እንደሚያዝ ግን አብዛኞቹን ቁጭ አድርጎ ያሳያቸው የለም።

«ኤችዲፒ፣ የመምህራኑ የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ አለ አይደል እንዴ?»

አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አለ፤ ብዙ መምህር ተማሪን አሳታፊ አድርጎ ማስተማርን የለመደውም በእሱ ነው። አንድን ሰው ግን አራት ዓመት ይዞ ከጥያቄ እስከ ዲፌንስ ማድረስ ሌላ ሙያ ነው፤ ኤችዲፒም ለዚያ አልተቋቋመም።

«እኛን ማን አሠለጠነን? ወድቀን ተነሥተን ነው የተማርነው።»

የተነሡት እርስዎ ስለሆኑ ዛሬ ይናገራሉ። ወድቀው የቀሩት የት ሄደው ይናገሩ? ትምህርቱን ጥለው የወጡትን፣ በአማካሪያቸው ዝምታ ዓመታት የቆጠሩትን፣ ሕይወታቸው ተንጠልጥሎ የቀረውን ማን መዝግቦ ያውቃል? ደግሞም ዘመኑን እናስተያይ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ዶክትሬት የጀመረው ደግሞ በ1987 ነው። ያኔ ተማሪው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ከመምህሩ ጋር ቢሮ ውሎ፣ ሻይ ቤት አብሮ ተቀምጦ ሙያውን ከአፉ ይለቅም ነበር። ዛሬ አንድ አማካሪ የዶክትሬቱን፣ የማስተርሱን፣ የቅዳሜና እሑዱን ተማሪ ተሸክሞ፣ በዚያ ላይ ኮሚቴ ተጨምሮበት ይውላል። በሻይ ሰዓት ይተላለፍ የነበረው ዕውቀት ዛሬ ሰዓትና ክፍል ካልተመደበለት አይተላለፍም።

«ሥልጠና የምርምር ጊዜ ይበላል።»

ይህን የሚሉ አማካሪዎች ለተማሪያቸው ተቆርቁረው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በማስረጃ ልመልስ። እንግሊዝ አገር ሰር ጋሬዝ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለመንግሥታቸው ባቀረቡት ሪፖርት እያንዳንዱ የዶክትሬት ተማሪ በዓመት ቢያንስ ሁለት ሳምንት የሙያ ሥልጠና ያግኝ አሉ። መንግሥትም ሰምቶ ለዓመታት በጀት መደበ። ከ52 ሳምንት ሁለቱ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብሔራዊ የጤና ተቋማቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚሁ ብለው ፕሮግራም ጀመሩ፤ የ10 ተቋማትን መረጃ የመረመረ ጥናትም በ2021 ታተመ። በሙያ ሥልጠናዎች የተሳተፉት ተማሪዎች ለመመረቅ ከሌሎቹ የበለጠ አልዘገዩም፤ ያሳተሙትም ጽሑፍ አላነሰም። ጊዜ ምን እንደሚበላ ከፈለጉ ስታቲስቲክሱን ሳያውቅ ዳታ የሰበሰበውን ልጅ ይጠይቁት፤ እንደገና መስክ የወጣውን።

«እነሱ ሀብታሞች ናቸው፤ እኛ ገንዘብ የለንም።»

እንግዲያው ናይሮቢ ድረስ ብቻ እንሂድ። «ካርታ» በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአፍሪካ ከፍተኛ የምርምር ሥልጠና ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2008 ተመሠረተ። መሪዎቹ ናይሮቢ ያለው የአፍሪካ የሕዝብና የጤና ምርምር ማዕከልና የደቡብ አፍሪካው ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ከተለያዩ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ የዶክትሬት ተማሪዎችን አራት ጊዜ ይሰበስባል፤ እያንዳንዱ ሴሚናር ሳምንታት ይወስዳል። መጀመሪያ የምርምር ጥያቄያቸውን ያጠራሉ። ከዚያ የዳታ መሣሪያና ዘዴ ይመጣል፣ ከዚያ ትንተናና ጽሑፍ፤ በመጨረሻ ከዲፌንስ በኋላ ስላለው ሕይወት፣ ስለ ገንዘብ ማፈላለግ፣ ስለ ማማከር ይሠለጥናሉ። ሥልጠናው ተማሪው የደረሰበትን ደረጃ ይከተላል። እኔ ከሁሉም የወደድኩለት ግን ሌላውን ነው፤ አማካሪዎቹን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቹን፣ የአስተዳደርና የፋይናንስ ሰዎቹን ጭምር ይሰበስባል። ይህን ያሰበ ሰው የዶክትሬት ተማሪ ዕንባ የት የት እንደሚፈስ ያውቃል! ግማሹ የሚፈሰው ፋይናንስ ቢሮ በር ላይ ነው፤ የመስክ ሥራ ገንዘቡ ሳይለቀቅ ዝናቡ አልፎ፣ ማሳው ታጭዶ።

ገንዘብ የለም ላሉት ገና አልጨረስኩም። ቢሾፍቱና አዳማ ሆቴሎች ውስጥ የሚካሄደው የሦስት ቀን «የአቅም ግንባታ» በምን ተከፈለ? አዳራሽ፣ አበል፣ የሻይ ዕረፍት፣ ባነር፣ ሰርተፍኬት፤ አንዱ መቶ ስላይድ አንብቦ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል። ከዚያ በጀት ከፊሉ ለሳምንታዊ የጽሑፍ ክሊኒክ ሊውል ይችላል። ክሊኒክ የምለው ተማሪው ረቂቁን ይዞ መጥቶ፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አንቀጹን አብሮት የሚያይበትን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ገንዘብ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪ የተባለውን ፕሮግራም ከከፈተ ወዲህ በአገራችን ያሉ ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላሉ፤ የይለፍ ቃሉ ተቋሙ እጅ ነው ያለው። ኦተርኤይድ የተባለው የተመራማሪዎች መረብም ስለ ምርምር ጽሑፍ ነጻ የኦንላይን ኮርስ ይሰጣል። የአገራችን የዶክትሬት ተማሪ ግን ጽሑፍ ሲያጣ ውጭ ያለ ጓደኛውን «ይቺን አውርደህ ላክልኝ» ይላል። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ መጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁለት ሰዓት ቢሰጠው ኖሮ አይለምንም ነበር።

አሁን ወደ ተማሪው ልዙር። እሱም አፉ ስለታም ነው፤ ሥልጠና ሲባል «አበል አለው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ኑሮው እንደከበደህ አውቃለሁ፤ በመምህር ደመወዝ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፣ ገጠር ላለ ቤተሰብ ልኮ ምርምር መሥራት ቀላል አይደለም። ትራንስፖርትህን ዩኒቨርሲቲው ሊሸፍንልህ ይገባል፤ ጠይቅ፣ እኔም አብሬህ እጠይቃለሁ። ግን በዲፌንስህ ቀን ፈታኙ «ይህን ሞዴል ለምን መረጥክ?» ሲልህ አበሉ አይመልስልህም።

«በሁለት ሳምንት የሚያትም ጆርናል አግኝቻለሁ።»

አንተን አግኝቶህ ነው! ከዲፌንስ በፊት አሳትም ተብለህ መጨነቅህን ያውቃል፤ ኢሜይሉን የሚጽፍልህም ለዚያ ነው። ገምጋሚ የለውም፣ ወይም ያለ ይመስላል፤ ክፍያው ግን በዶላር ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በኋላ ለማዕረግ ዕድገት ስታቀርበው ተመልሶ ይመጣብሃል፤ ጽሑፉም ታትሟልና ሌላ ቦታ መውሰድ አትችልም። ጆርናልን መለየት በግማሽ ቀን የሚሠለጠን ነገር ነው። ስንት ልጅ ብሩንና የሦስት ዓመት ዳታውን ያጣው በዚህች ግማሽ ቀን እጦት ነው።

ወደ ኃላፊዎቹ ልመለስ፤ እንዲህም ይላሉ፦ «ዶክትሬት ይዞ ከዩኒቨርሲቲ መውጣት መባከን ነው።»

ቁንጮ ጤፍን ለገበሬው ያወጡት የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ባክነዋል እንበል? አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የሕዝብ ጤና ኢንስቲትዩት ላብራቶሪ ውስጥ ያሉትስ? የዶክትሬት ተማሪ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አይቆምም። መድኃኒት ፋብሪካ ይገባል፣ ፖሊሲ ይጽፋል፣ ባንክ ውስጥ ዳታ ይተነትናል። ከመመረቁ በፊት ሦስት ወር እንዲህ ያለ ቦታ ሠርቶ ቢያይ፣ ምርምሩ ለማን እንደሚጠቅም በዓይኑ አይቶ ይመለሳል።

«ለሴቶች አዘጋጅተን ነበር፤ አልመጡም።»

ስንት ሰዓት ላይ አዘጋጃችሁ? የት? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከከተማ ውጪ፣ ልጅ ይዞ መምጣት ክልክል! ጡት የምታጠባ ተማሪ በየት በኩል ትምጣ? ቅድም ያነሣሁት የናይሮቢው ጥምረት እናቶች ሕፃናቱን ይዘው ሴሚናር እንዲገኙ ያግዛል። እናንተ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍልና አንዲት ሞግዚት አዘጋጁ፤ ከዚያ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ እንነጋገራለን።

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እናስገባዋለን።»

የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ሌላ ሰው ነው። ዘንድሮ ዳታዋን ሰብስባ ትንተናው የጠፋት ልጅ አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጣለች፤ የጥናት ፈቃዷ ሰኔ ላይ ያልቃል። ክፍሉ ሐሙስ ከሰዓት ባዶ ነው፤ ስታቲስቲክስ የሚያውቁት መምህር ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሉ። የማስተማር ጫናቸው ላይ ሁለት ሰዓት ቆጥራችሁላቸው ደብዳቤውን ዛሬ ፈርሙ።