ፋይሉ ያልፋል፣ ተማሪው ይወድቃል

በትምህርት ቤቶቻችን አንድ ነገር በእርግጥ ሠምሯል፤ እሱም ፋይል ነው። መምህሩ ዓመታዊ ዕቅድ አለው፣ ሳምንታዊ ዕቅድ አለው፣ ዕለታዊ ዕቅድ አለው፤ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማኅደር፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ሪፖርት፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብም አለው። በ1 ለ 5 አደረጃጀት ዘመንማ አምስት ሰው በተቀመጠበት ሁሉ ቃለ ጉባኤ ይወለድ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ማኅደር ነው። መምህሩም ብልህ ነው፤ የሚለካው ምን እንደሆነ ስላወቀ እሱኑ ያመርታል። የመንፈቅ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ «ዝቅተኛ» የተባለ ሰው መፈለግ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዝቅተኛ የሰጠ ርእሰ መምህር አቤቱታ ይጠብቀዋላ! ከጀማሪ መምህርነት ጀምሮ ያለው የደረጃ ዕድገት በዚሁ ነጥብ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጨክኖ የሰው እንጀራ የሚነካ ማን ነው?

እነዚህ ሁሉ ባለከፍተኛ ነጥብ መምህራን ያስተማሯቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች በ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015ቱ ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያው በ2015ቱ ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ነገረኛ ሰው «የነዚህ ትምህርት ቤቶች መምህራን የምዘና ነጥብ ስንት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነውር ነው! ጥፋቱ የልጆቹ ነው፤ የመምህሮቻቸውን ማኅደር ይዘው ለፈተና ቢቀመጡ ኖሮ ማን ይጥላቸው ነበር?

«ታዲያ ቁጥጥር ይቅር?» የሚል አይጠፋም። አይቅር፤ መምህርን ያለ ጠያቂ መተው ልጁን አሳልፎ መስጠት ነው። ሌላው ደግሞ «መጽሐፍ በሌለበት፣ ክፍል በተጨናነቀበት፣ ልጅ ሳይበላ በሚመጣበት አገር መምህሩ ብቻ ለምን ይወቀሳል?» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ይህ እውነት ከማኅደሩ ውስጥ የለም፤ «መጽሐፍ ስለሌለ ምዕራፉን አላዳረስኩም» ብሎ የጻፈ መምህር ነጥብ ይቀነስበታል፣ «100 በመቶ ተሸፍኗል» ያለው ይመሰገናል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ምዘናው ሰነፉን ይሸሽጋል፣ ታታሪውን ከሰነፉ እኩል ያደርጋል፣ ችግሩንም ወረዳ ሳይደርስ ያስቀረዋል። ቅጹን ቀንሶ፣ ርእሰ መምህሩ በየሳምንቱ የተማሪ ደብተር ቢገልጥ፣ እርማቱን ቢያይ፣ ልጁን ቢያስነብብ ይበጅ ነበር። ሐሳቡ ግን አደገኛ ነው፤ ደብተር የገለጠ ሰው ያየውን ሊናገር ነው፣ ለዚያ ደግሞ ገና ቅጽ አልወጣለትም።