ስለ ላላ መሪ፦ በጉና ዙሪያ ለሚመላለሱ አይሱዙዎች የቀረበ ትንታኔ

የመሪ መላላት የሚባለው፣ መሪውን የያዘው እጅ ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ የፊት ጎማዎች ትእዛዙን ሰምተው እስኪታዘዙ ድረስ በመካከል የሚባክነው ዙር ነው። ይህ ብክነት በአሮጌ ባለ ሸራ ጀልባም ሆነ በአሮጌ መኪና ላይ የሚታይ የእርጅና ጠባይ ነው፤ በጉና ተራራ ዙሪያ ያሉትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን በተመለከተ ግን ጥናቱን ከጀልባ መጀመር አስቸጋሪ ይሆናል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ለሸራ የሚበቃ ነፋስ ያለ ክፍያ ብታቀርብም፣ ውሃ የማቅረቡ ኃላፊነት ለጣና ተሰጥቶ በመቅረቱ፣ በዚህ አገር የጀልባውን ወንበር ይዞ የሚገኘው አሮጌው አይሱዙ ነው።

አይሱዙው ሰው ሲጭን በአገር ውስጥ አካል ተቀጥቅጦለት «ቅጥቅጥ» ይባላል፤ እህል ሲጭን በስሙ ብቻ ይጠራል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚጭን መጠሪያው ለክርክር ክፍት ነው። በቻይናውያን መሐንዲሶች የተሠራውና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የወረታ–ወልድያ መንገድ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን አቋርጦ ሲያልፍ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ የሚገነጠሉት መንገዶች ለረጅም ዘመን በጠጠር የኖሩ ናቸው። ጠጠር ለመሪ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የተለየ ምርምር አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የፊት ጎማውን ሲመታ ምቱ በየመገጣጠሚያው እያለፈ እስከ ሾፌሩ መዳፍ ይደርሳል፣ በየመገጣጠሚያውም ከብረቱ ትንሽ ፍቆ ያልፋል።

መገጣጠሚያዎቹ ብዙ መሆናቸው ነገሩን ያወሳስበዋል። መሪው በዘንጉ አማካይነት የመሪ ሳጥኑን ይዘውራል፤ ሳጥኑ በውስጡ ባሉት ጥርሶችና ብይ መሰል የብረት ኳሶች የእጁን ዙር ወደ ክንድ ውዝዋዜ ይለውጣል፤ ክንዱ አንዱን ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ በጫፎቹ ላይ ቴስቲኒ የሚባሉ፣ ክብ ራስ ያላቸውና በየአቅጣጫው የሚታጠፉ መገጣጠሚያዎች ስላሉት ግፊቱን ለጎማው ያደርሳል፤ ቲራንቴ የሚባለው ደግሞ አንዱ ጎማ የሰማውን ለሌላው ያወራል። ጎማው የሚዞረው ፐርኖ በሚባል ወፍራም የብረት ምሰሶ ላይ ሲሆን የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ላይ ነው። ታዲያ መሪ ሲላላ እነዚህ ሁሉ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ናቸው፤ እያንዳንዱ አባል «የእኔ ጥፋት ኢምንት ናት» ብሎ በእውነት ይመሰክራል፣ የሁሉም ኢምንት ተደምሮ ግን የገደል ዳር ጉዳይ ይሆናል።

ከመገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ይበልጥ ምርመራውን የሚያሰናክለው ሾፌሩ ራሱ ነው። መሪ በአንድ ሌሊት አይላላም፤ በየቀኑ የፀጉር ውፍረት ያህል ሲላላ እጅም በየቀኑ በዚያው ልክ አስቀድሞ መዞርን ይለምዳል፣ በዚህም ምክንያት ለዓመታት አብሮት የኖረው ሾፌር መሪው ጤነኛ ለመሆኑ ያለ ሐሰት ሊምል ይችላል። ባዕድ ሾፌር መኪናውን ተውሶ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ላብ ሲያጠምቀው ጥፋቱ የሚጣለው በመሪው ላይ ሳይሆን «መኪናውን አያውቀውም» ተብሎ በባዕዱ ላይ ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎችም የሾፌሩን ክንዶች የማያቋርጥ ግራና ቀኝ እንቅስቃሴ እያዩ የጥበብ ምልክት አድርገው ያደንቁታል። በአሜሪካ የከባድ መኪና ደንብ፣ ስፋቱ ከ41 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥና በእጅ ጉልበት ብቻ የሚዞር መሪ ከ5 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይዘል ባዶ ዙር ብቻ ይፈቀድለታል፤ የተደነቀው ክንድ በዚህ መለኪያ ቢመዘን አድናቆቱ ምን ያህል እንደሚተርፍ መገመት አይከብድም።

በዚሁ በጉና ዙሪያ መሪ የሌለው ከባድ ተሽከርካሪ አስቀድሞ አልፎ እንደነበር ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስሠሩት፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ መንገዱ ከፊቱ እየተቆፈረ፣ ሠረገላው በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየተጎተተ፣ የደረሰው ከአምስት ወራት በላይ ፈጅቶ በመጋቢት ነበር። ይህ አሠራር ከአይሱዙ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ መሆኑ አያከራክርም፤ አንድ ብልጫ ግን ነበረው፣ ገመድ ሲላላ በሁሉም ዓይን ፊት ስለሚላላ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በቦታው ስለነበሩ፣ «የእኔ ኢምንት ናት» የሚል መገጣጠሚያ ሊኖር አይችልም ነበር።

ትክክለኛው የመሪ ምርመራ ሁለት ሰውና አንድ ትዕግሥት ይፈልጋል። ረዳቱ ወንበሩ ላይ ወጥቶ መሪውን በትንሽ በትንሹ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ መካኒኩ ከሥር ተኝቶ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በመዳፉ ይዞ፣ አንደኛው ጎን ሲንቀሳቀስ ሌላኛው የት ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ያዳምጣል። ከዓይን የሚያመልጠውን እጅ ይይዘዋል፤ ጭቃና ግራሶ የተለበጠበት ቴስቲኒ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላልና። ቀጥሎ የፊት ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ካንኳኳ፣ ረዳቱ ፍሬን እንዲይዝ ይደረጋል፤ ማንኳኳቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ደግሞ ፐርኖው ነው። ይህች የፍሬን ዘዴ ምንም ወጪ የማትጠይቅ በመሆኗ ይመስላል ብዙ ጊዜ የምትረሳው። ባሌስትራ የሚባለውን የብረት ሞላ ከአክሰሉ ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ከላሉም አክሰሉ ራሱ ወደፈቀደው ስለሚሄድ፣ ንጹሕ የመሪ ሳጥን በሌላ ወንጀል ይከሰሳል።

ሳጥኑ የሚከሰስበት ሌላም ምክንያት አለ፤ በላዩ ላይ አንዲት የማስተካከያ ቡሎን አለችው፣ ይህችም ቡሎን ለአካባቢው መካኒክ ሁሉ ታላቅ ፈተና ናት። ግማሽ ዙር ስትጠብቅ የሳጥኑ ጥርሶች ይቀራረባሉ፣ መሪውም በጋራዡ በር ላይ እንደ አዲስ ይሆናል፣ ባለንብረቱም ተደስቶ ይከፍላል። ችግሩ ጥርሶቹ ይበልጥ የሚበሉት መኪና ቀጥ ብሎ በሚሄድበት በመካከለኛው ቦታቸው ላይ መሆኑ ነው፤ ለተበላው መካከል ተብላ የጠበቀች ቡሎን ያልተበሉትን ዳሮች ከልክ በላይ ታጣብቃለች፣ መሪውም በቀጥታ መንገድ ላይ ቅን ሆኖ ቆይቶ ሙሉ ለሙሉ መዞር በሚገባው የቁልቁለት ኩርባ ላይ ይነክሳል። ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ሕመም እምብዛም ላያሳስብ ይችላል፤ ከነፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ ለሚወርድ ግን ኩርባ የመንገዱ ዋና ክፍል እንጂ ጌጥ አይደለም።

በባሕር ላይ ያሉ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባዎች በዚሁ ፈተና ይወድቃሉ። በእነርሱ ዘንድ መሪው ሰንሰለት ያዞራል፣ ሰንሰለቱ የብረት ገመድ ይስባል፣ ገመዱ በተሽከርካሪ መዘውሮች ዞሮ ጀልባውን ከሚያዞረው መቅዘፊያ ዘንግ ጋር የታሰረውን የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው ብረት ያዞራል። መቅዘፊያው በሰው ተይዞ መሪው ሲወዛወዝ ባዶው ዙር የት እንዳለ ይገለጣል፤ መካኒኩ ከአይሱዙ ሥር የሚያደርገው ይኸው ነው። እዚያም ምርመራውን የሰለቸ ባለጀልባ ገመዱን ብቻ አጥብቆ ይተወዋል፣ መዘውሮቹና ኩሽኔታዎቹም ከልክ ያለፈ ውጥረት ተሸክመው በፍጥነት ይበላሉ። ከዚህ ሁሉ ነጻ የሆነችው የጣና ታንኳ ብቻ ናት፤ የሚገፋትም የሚመራትም በቀዛፊው እጅ ያለ አንድ ዘንግ ስለሆነ፣ ከላላ የሚላላው ቀዛፊው ነው።

ጥገናው ራሱ ብዙ የሚባልለት አይደለም፤ የተበላው ቴስቲኒ ይለወጣል፣ ዳዶው እንዳይፈታ ኮፒሊያው በቦታው ይገባል (አሮጌው ሽቦ ተጠምዝዞ አይተካውም)፣ ፐርኖው ከነቡሹ ይታደሳል፣ ግራሶ ይጠጣል፣ ከዚያም የጎማዎቹ አቅጣጫ ይስተካከላል። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሾፌሩ ለዓመታት የለመደውን ያህል አስቀድሞ ሲያዞር፣ አሁን መሪው ወዲያው ስለሚታዘዘው አይሱዙው ከቦይ ወደ ቦይ ይላጋል፤ ሾፌሩም ከከተማ ሳይወጣ ተመልሶ መሪው «ነካ ሲያደርጉት ይበራል» ብሎ ክስ ያቀርባል፣ ትንሽ እንዲላላለትም ይለምናል። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በዚህ ጊዜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «አይዞህ ወንድሜ፣ ወገዳ ደርሰህ እስክትመለስ መንገዱ ራሱ ያላላልሃል።»