«ኮዱ ራሱ ይናገራል» ላልከኝ

ይናገር! የሚናገረው ግን ምን እንደሚሠራ ብቻ ነው። ለምን እንደዚያ እንደተሠራ፣ የት ላይ እንደማያዋጣ፣ አዲስ ሰው ከየት እንደሚጀምር ትንፍሽ አይልም። ያንን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ ነገ ሥራ ትቀይራለህ፣ ስልክህንም ትቀይራለህ።

«የገባው ይጠቀምበት፣ ያልገባው ይለፈው» አልከኝ። አለፈው እኮ! አልፎ ሌላ ሶፍትዌር ጫነ። ባግ ሊጠቁምህ፣ ፑል ሪኩዌስት ሊልክልህ ይችል የነበረ ሰው ነው አጫጫኑን የሚያስረዳው ገጽ ላይ ተስፋ ቆርጦ የሄደብህ። ኦፕን ሶርስ ነው ትላለህ፤ መግቢያውን ማን አሳየው?

«ዶክመንቴሽን ኮድ ያቃተው ሰው ሥራ ነው» ያልከኝ ደግሞ ቆየኝ፣ ካንተ ጋር ብዙ አለኝ። ማይክል ኬሪስክ የሚባለውን ሰው ታውቀዋለህ? ከ2004 ጀምሮ ከ15 ዓመት በላይ የሊነክስን ማን ፔጆች በኃላፊነት ይዞ የቆየ ሰው ነው። ስለ አንድ ሲስተም ኮል ሊጽፍ ሲቀመጥ የከርነሉን ኮድ ያነብ፣ የሙከራ ፕሮግራም ይጽፍ፣ ያስኬደውም ነበር። ይሆናል የተባለው ሳይሆን ሲቀር ባጉ እዚያው ይያዝ ነበር። የከርነል ባግ በዶክመንቴሽን ጸሐፊ እጅ ሲያዝ፣ ኮድ ያቃተው ማነው? እኔ እንዲያውም አንድ ፋንክሽን ለማስረዳት ሦስት ገጽ ከፈጀብኝ ገጹን አልወቅስም፤ ፋንክሽኑን ነው የምጠረጥረው። ጽሑፉ ሲወላገድ ዲዛይኑ መወላገዱን እያሳበቀብህ ነው፤ ብትሰማው ይሻልሃል።

ጃንጎን ተመልከት። በ2005 ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ ከምትባል ከተማ፣ ከጋዜጣ ቤት ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ፍሬምወርክ ነው። ዶክመንቴሽኑ ከኮዱ ጋር በአንድ ሪፖ ይኖራል። አዲስ ፊቸር ባዶ እጁን ከመጣ «ዶክመንቴሽን ይጎድለዋል» የሚል ምልክት ይደረግበትና ይጠብቃል። ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር ይጠብቃል።

«ሌሎች ይጽፉታል።» የትኞቹ ሌሎች? ጊትሀብ በ2017 ባካሄደው የኦፕን ሶርስ ጥናት፣ ከመላሾቹ 93 በመቶው ያልተሟላ ወይም ጊዜው ያለፈበት ዶክመንቴሽን እንደሚገጥማቸው ተናገሩ። ከአስተዋፅኦ አድራጊዎቹ 60 በመቶው ደግሞ ዶክመንቴሽን ላይ ከስንት አንዴ ብቻ እንደሚሠሩ ወይም ጭራሹኑ እንደማይሠሩ ገለጹ። አንተ እነሱን ትጠብቃለህ፣ እነሱ አንተን ይጠብቃሉ።

«እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፣ ምን አውቄ እጽፋለሁ» ያልሽኝ እህቴ፣ አንቺን ነው የምንፈልገው! አሥር ዓመት የሠራበት ሰው አዲሶች የት ላይ እንደሚደናቀፉ ረስቶታል፤ ያንቺ እግር ግን ገና አልዳነም። ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የአጫጫኑን ገጽ ክፈቺና እንደ ተጻፈው፣ አንድም ነገር ከራስሽ ሳትጨምሪ ሂጂበት። የቆምሽበት መስመር ላይ የጎደለው ነገር አለ፤ እሱን ጻፊው። ሪፖውን ፎርክ አድርጊ፣ ገጹን አርሚ፣ ከመላክሽ በፊት ራስሽ ቢልድ አድርገሽ እዪው፤ የዶክመንቴሽን መሣሪያው ስፊንክስ ከሆነ የተሰበሩ ሊንኮችንም ይለቅምልሻል። አንድ ፑል ሪኩዌስት፣ አንድ ጉዳይ። አርባ ፋይል የነካ ማስተካከያ ሪቪው አድራጊውን ያሸሸዋል።

እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል አትበይኝ ደግሞ። ሰዋስውን ሪቪው አድራጊው በሁለት ደቂቃ ያቃናዋል፤ ኢረሩ የት ላይ እንደወጣ ግን ካንቺ በቀር የሚነግረው የለም።

«ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ኮምፒውተሬ ላይ አለ» ላልከው፦ ታዲያ ማን ያንብበው? ከ2010 ጀምሮ ሪድ ዘ ዶክስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ኦፕን ሶርስ ለሆነ ፕሮጀክት ያለ ክፍያ ያትማል፣ ሪፖው ላይ ለውጥ በገባ ቁጥር ራሱ ቢልድ ያደርጋል። ስታትም ቨርዥን ለይ። የአምናውን ቨርዥን የጫነ ሰው የዘንድሮውን መመሪያ ሲያነብ የሚያባክነው ሌሊት ባንተ ነው የሚቆጠረው። ፒዲኤፉንም አብረህ አውጣ፤ አገልግሎቱ ይህንንም ይችላል። እዚህ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ መብራት ተከትሎት የሚሄድበት ሰፈር አለ፤ በባትሪ የቀረችው ላፕቶፕ ላይ ያ ፋይል ካለ ሥራው አይቆምም።

«በአማርኛ ማን ይፈቅድልናል?» ላልከኝ የመጨረሻው ወዳጄ፦ ፓይተን በ2017 ዶክመንቴሽኑ የሚተረጎምበትን መንገድ ጽፎ አስቀምጧል፤ ፔፕ 545 ይባላል። እያንዳንዱ የትርጉም ቋንቋ የራሱ ሪፖ ይኖረዋል፣ ተርጓሚዎቹ ሥራቸውን በስምምነት ያስረክባሉ። አጋዥ ትምህርቱ፣ የባግ አጠቋቆም ገጹና አብረው የተሠሩት ፋንክሽኖች ገጽ ሲተረጎሙ የቋንቋው ስም ከጃፓንኛና ከፈረንሳይኛ ጎን ከቋንቋ ምርጫው ይገባል። ሺህ ገጽ አልተጠየቅንም። አንተ የአጋዥ ትምህርቱን የመጀመሪያ ምዕራፍ ያዝ፤ እኔ ሁለተኛውን ይዣለሁ።