ኬሻ የቀየረ አምራች

የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ገበሬ ስህተቱ አንድ ነው፦ ቡና የሚያመርት ይመስለዋል። ይተክላል፣ ያርማል፣ የቀላውን እየመረጠ ይለቅማል፣ አልጋ ላይ አስጥቶ ዝናብ ሲያጉረመርም እየሮጠ ይሸፍናል። በታክስ ሕግ ዓይን ይህ ሁሉ ልፋት «ጥሬ ዕቃ» ይባላል። ማምረት ምን እንደሆነ የሚማርበት አገር ሌላ ነው።

ለምሳሌ ሕንድ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የማዕከላዊ ኤክሳይዝ ሕግ በኋላ በተጨመረለት ትርጓሜ፣ በሦስተኛው ሠንጠረዥ የተዘረዘረን ዕቃ ለችርቻሮ በሚሆን መያዣ ማሸግ፣ እንደገና ማሸግ፣ መለያ መለጠፍ፣ የተጻፈውን የመሸጫ ዋጋ መቀየር ሳይቀር «ማምረት» ነው። እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ ኢንዱስትሪያሊስት ሆነ ማለት ነው! በእርግጥ ሕጉ ጅል አይደለም። ታክሱ በፋብሪካው በር ስለሚሰበሰብ፣ በጅምላ ገዝቶ በትንንሹ አሽጎ በውድ የሚሸጠው እንዳያመልጥ ታስቦ ነው።

ይህ ጥበብ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢመጣ የቴፒ ጀንፈል ዕድሉ ይቃናል። ከገበሬው ማዳበሪያ ወደ ሰብሳቢው ጆንያ ሲገለበጥ ተመረተ፤ አቅራቢው ሲያጋባው ዳግም ተመረተ፤ ላኪው ኬሻ ላይ ስሙን ሲያትም ሦስተኛ ተመረተ። ፍሬዋ ያው ፍሬ ናት፣ የአምራቾቿ ቁጥር ግን ከቤተ ዘመድ በዛ። ገበሬው ብቻ ከዝርዝሩ የለም።

ጀርመን ደግሞ ማሸጉን ትታ መቁላቱን ይዛለች። ጥሬ ቡና በነፃ ያልፋል፤ ሲቆላ በኪሎ 2.19 ዩሮ፣ የሚሟሟ ዱቄት ሲሆን 4.78 ዩሮ የቡና ታክስ ይከፈልበታል። ሚዛን በርሊን ብትሆን ኖሮ በየመንገዱ ዳር ረከቦት ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጠው እናት፣ ምጣዷ እንደሞቀ አምራች ተብላ በታክስ መዝገብ ትሰፍር ነበር።

የእኛው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለቡና አዝኖለታል መሰለኝ፣ ከዝርዝሩ አላስገባውም። የፕላስቲክ ከረጢትን ግን አስገብቶታል። መያዣው ከተያዘው የሚከበርበት ዘመን ነው።

ወደ መቁላቱ ስንመለስ፣ ፕሩሲያዊው ንጉሥ ፍሪድሪክ እ.ኤ.አ. በ1781 መቁላትን በፈቃድ ብቻ አድርጎ፣ ተደብቆ የሚቆላውን በማሽተት የሚያሳድዱ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን አሰማርቶ ነበር። ከእነሱ አንዱ ሚዛን ቢመደብ ማለዳ የየትኛውን ደጅ ጭስ እንደሚከስ ቸግሮት፣ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ሲጠብቅ ይውል ነበር።