ገዳይ በደረሰኝ

የቀን ሠራተኛ ማታ ደመወዙን ተቀብሎ የሚገባው ባልሠለጠነ አገር ነው። የሠለጠነውን ማየት የሚፈልግ ወደ ስኮትላንድ ደጋ ይዝለቅ። እዚያ ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ በረግረግ ላይ በደረቱ ይሳባል፤ ዝናብ ይወርድበታል፤ ትንኝ ይበላዋል፤ ባለርስቱ በገንዘቡ ሊያሠራው የሚገባውን ሥራ ሠርቶለት ይመለሳል። ማታ ግን ከፋዩ ሠራተኛው ነው። ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ለመሪው ጉርሻ ጨምሮ፣ ለከርሞ ስሙን ያስመዘግባል። እኛ እንኳ ለደቦ ሰው ስንጠራ ጠላና ንፍሮ እናቀርባለን። የስኮትላንድ ባላባት ደቦውን ለደቦተኛው ሸጠለት፤ ውስኪውንም ለብቻው አስከፈለው።

ይህ ጥበብ በአገሩ «ስቶኪንግ» ይባላል፤ አድፍጦ አጋዘን ማደን ነው። ሰፋፊ ርስት ያላቸው ጌቶች ቀኑን ለእንግዳ ይሸጣሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ እንግዳውን በአባልነት መዝግቦ፣ መሪ መድቦ፣ ከአጋዘኑ ፊት ለፊት ያደርሰዋል። ለአንድ ወንዴ አጋዘን ብዙ መቶ ፓውንድ ይከፈላል። ጠመንጃ የሌለው የርስቱን ይዋሳል። ልምድ የሌለውም አይሥጋ፤ መሪው ልምድ አለው። እንዲያውም አደን የማያውቅ ሰው ሳይመረጥ አይቀርም፤ የሚያውቅ ጥያቄ ያበዛል።

ልብሱም ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ትልልቅ ርስቶች የየራሳቸው የትዊድ ጥለት አላቸው። ድሮ ጥለቱ ሠራተኛው የየትኛው ጌታ አሽከር እንደሆነ ከሩቅ የሚያስታውቅ ነበር። የዛሬው እንግዳ፣ ምናልባት በከተማው የሦስት መቶ ሰው አለቃ ይሆናል፣ በገዛ ገንዘቡ የአሽከር ልብስ የመሰለ አስፍቶ፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ፣ በመስተዋት ፊት ዞር ዞር ብሎ ራሱን ያደንቃል።

ጠዋት መጀመሪያ የሚተኮሰው የብረት አጋዘን ላይ ነው። ከግቢው አለፍ ብሎ በአጋዘን ቅርጽ የተቆረጠ ብረት ቆሟል። እንግዳው መሬት ላይ ይተኛና ሁለት ሦስት ጥይት ይለቅበታል። ጠመንጃው መስተካከሉን ለማየት ነው ይባላል። መሪው ግን ዓይኑን ከጠመንጃው ይልቅ ከሰውየው አይነቅልም፤ የሚያጠናው «ዛሬ ማታ ልጆቼን አያቸው ይሆን?» የሚለውን ነው።

ከዚያ ወደ ተራራው ይወጣል። በርስቱ ሰዎች አነጋገር እንግዳው ስም የለውም፤ «ጠመንጃው» ይሉታል። «ዛሬ ስንት ጠመንጃ አለን?» ሲሉ ስንት ከፋይ መጣ ማለታቸው ነው። ታዲያ ጠመንጃ የተባለው ሰው ጠመንጃ አይሸከምም። የሚሸከመው መሪው ነው፤ በሸራ ከረጢት ሸፍኖ እንደ ሕፃን ያቅፈዋል። ለሰውየው የሚሰጠው በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ያውም ጥይቱ ገብቶለት ነው።

መንጋውን በመነጽር ለቅሞ የሚያገኘው መሪው ነው። ነፋሱን በጉንጩ ለይቶ፣ ሽታቸው ወደ አጋዘኑ እንዳይሄድ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ጠመዝማዛ የሚያዞረውም እሱ ነው። የትኛው አርጅቷል፣ የትኛው ጥርሱ አልቆ ክረምቱን አይሻገርም ብሎ የሚመርጠውም እሱ ነው። «ተኛ» ሲለው እንግዳው ይተኛል፤ «ሳብ» ሲለው ይሳባል፤ «ዝም» ሲለው ማስነጠሱን እንኳ ይውጣል። ሆዱ በጥቁር ጭቃ ተለቅልቆ፣ ሚጅ የሚሏት የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ተናካሽ በጆሮው ገብታ፣ እጁን አንሥቶ ሊያባርራት አይፈቀድለትም። በመጨረሻ መሪው ጠመንጃውን ያቀብለውና «ከቀኝ ሁለተኛው፤ ጎኑን ሲሰጥህ» ብሎ ያንሾካሹካል። እንግዳው ጣቱን ያጥፋል። በዚህ ቀን ያደረገው ነገር ቢኖር ይህች የጣት ሥራ ናት፤ እሷንም አንዳንዴ ይስታታል።

የወደቀ እንደሆነ መሪው ሮጦ ይደርስና እጅጌውን ሰብስቦ ሆድ ዕቃውን ይዘረግፋል። የመጀመሪያው ከሆነ የእንግዳው ጉንጭና ግንባር በደም ይቀባል። ከዚያ ፎቶ። ሬሳውን ስምንት ጎማ ያላት ጎርባጣ መኪና፣ ወይም ጌጥ የሚወድ ርስት ከሆነ ጋሮን የምትባል የደጋ ፈረስ ታወርደዋለች። ሥጋውስ? ሥጋው የርስቱ ነው። ለነጋዴ ይሸጣል። እንግዳው ለመግደል ከፍሎ የገደለውን መብላት ካማረው ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ለእሱ የሚደርሰው ቀንዱ ነው፤ ቀንዱ ደግሞ፣ ከእኛው አጋዘን በተለየ፣ በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ በራሱ ጊዜ ረግፎ ከሜዳ በነጻ ይለቀማል።

በእኛ አገር አንበሳ ወይም ዝሆን ጥሎ የተመለሰ ሰው ፀጉሩን ቅቤ ይቀባ፣ አደባባይ ወጥቶ ይፎክር ነበር። ለዚህኛውም ጀግና ፉከራ መንፈግ ነውር ነውና ይቺን በነጻ አበርክቼለታለሁ፦

ዘራፍ! ገዳይ በቀጠሮ፣
ሒሳቡን አምና ቆጥሮ፤
የሰው መነጽር ተውሶ፣
የሰው ጠመንጃ አጉርሶ፤
ተኩስ ሲሉት ተኳሽ፣
ሥጋውን ትቶ ተመላሽ!

ለአጋዘኑ የማለቅስ የሚመስለው ካለ ይረጋጋ። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የሚበላ ሕዝብ ልጅ ነኝ፤ ለእንስሳ ሞት እንባ ብለግስ አያምርብኝም። የሚያስቀኝ አጋዘኑ አይደለም፤ ሜዳው ነው።

እነዚህ ርስቶች በሕግም በወግም «የአጋዘን ደን» ይባላሉ። ደን ሲባል ዛፍ የሚፈልግ የዋህ ነው። ብዙዎቹ ላይ ቢሄዱ ቢሄዱ ዛፍ የለም፤ ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ውሃ ብቻ ነው። እንግዳው ግን በሸለቆው ጸጥታ ይመሰጣል፤ «የሰው እጅ ያልነካው ምድር» ይላል። የሰው እጅማ ነክቶታል፤ ቤቱን አቃጥሎ። ስትራዝኔቨር በሚባለው ሸለቆ 1814 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የሰዘርላንድ ርስት ሰዎች ጭሰኛውን ነቅለው ለበግ ቦታ ሲያስለቅቁ፣ ሰው ተመልሶ እንዳይገባ ጎጆው ላይ እሳት ለቀቁበት። ሥራውን የመራው ፓትሪክ ሴለር 1816 ለፍርድ ቀርቦ ነጻ ወጣ፤ እሱም የበግ ርቢ ባለሀብት ሆኖ ኖረ። ቆይቶ የአውስትራሊያ ሱፍ ገበያውን ሲያረክሰው በጉም በተራው ተባረረና አጋዘን ገባ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የአጋዘን ደኑ ከ3 ሚሊዮን ኤከር አልፎ ነበር። እንግዳው ቁጭ ብሎ ሳንድዊቹን የሚበላባት፣ ከነፋስ የምትጋርደው ያቺ የፈረሰች የድንጋይ ግንብ የማን እንደነበረች መሪው ቢጠየቅ ሳያውቅ አይቀርም። አይጠየቅም እንጂ።

ፋሽኑን ያነገሡት ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው አልበርት ናቸው። ባልሞራል የተባለውን የደጋ ርስት 1852 ገዙ፤ አልበርት አጋዘን ሲያሳድድ ንግሥቲቱ ማስታወሻ ይይዙ ነበር። ማስታወሻው መጽሐፍ ሆኖ የታተመው 1868 ነው፤ ጦራቸው መቅደላን ባቃጠለበት ዓመት። የዓፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ መልስ ያጣበት ዘመን ስለሆነ ያን ያህል ጽሑፍ ለአጋዘን መትረፉ ያስደንቃል፤ ግን ወደ ጉዳያችን እንመለስ። 1851 ላንድሲር የተባለው ሠዓሊ አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ ቀንድ ያለውን አጋዘን «የሸለቆው ንጉሥ» ብሎ ሣለው። አሥራ ሁለት ያለው «ሮያል» ነው፤ አሥራ አራት ያለው «ኢምፔሪያል»፤ ማዕረግ መሆኑ ነው። ሥዕሉ የውስኪ ማስታወቂያ ሆኖ ኖሮ 2017 የስኮትላንድ ብሔራዊ ጋለሪ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ሕዝብ ተነቅሎ ንጉሥ ተሾመ፤ ንጉሡም በቀጠሮ ይገደላል።

ከሁሉ የምወደው ግን የበግ ግልገሏ ታሪክ ነው። ዊናንስ የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በደጋው 200,000 ኤከር ገደማ የአደን ምድር ተከራይቶ ነበር። ኪንቴይል ውስጥ የሚኖር መርዶክ ማክሬ የሚባል ድሃ ደግሞ አንዲት ለማዳ ግልገል ነበረችው። ግልገሏ ከመንገዱ ወጣ ብላ የባለጸጋውን ሣር ቀመሰች። ዊናንስ ከሰሰ። የሁለት መቶ ሺህ ኤከር ጌታ የአንዲት ግልገል ጉርሻ አላስተኛ ብሎት ሙግቱ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ 1885 ተረታ። ልጁ ዋልተር ግን አባቱን ካሰ፤ 1908 በለንደን ኦሎምፒክ በሐዲድ ላይ የሚሮጥ አጋዘን ቅርጽ ዒላማ ተኩሶ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። ቅርጹ ሣር አይበላም፤ ከማንም ጋር አያካስስም።

ድሃው ራሱ ሲያድን ግን ስሙ ይለወጣል። 1887 በሉዊስ ደሴት መሬት ያጡ ጭሰኞች ፓርክ ወደሚባለው የአጋዘን ደን ባንዲራ ይዘው ገብተው አጋዘን ገደሉ፤ ጠብሰውም በሉ። መሪ አልቀጠሩም፤ ትዊድም አላሰፉም። ጦር ተላከባቸው፤ በሁከት ተከሰሱ፤ በኋላ ነጻ ተለቀቁ። እነሱ ያደኑት ርቧቸው ስለነበር ስፖርት ሊባል አልቻለም።

የዛሬው ባለርስት ግን ስለ ስፖርት ማውራት አይወድም። ቃሉ «ጥበቃ» ሆኗል። አጋዘኑ በዛ፣ ችግኙን ጋጠው፣ ደኑ አልበቅል አለ፣ ስለዚህ እንግዳው እየገደለ ተፈጥሮን ያድናል። የመጀመሪያው አባባል እውነት ነው። በስኮትላንድ የአጋዘን ዝርያዎች ሁሉ ተደምረው እስከ 1 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል፤ መንግሥትም 2023 ወንዴውን መግደል የሚከለከልበትን ወቅት እስከ ማንሣት ደርሷል። የተፈጥሮ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ «ቀንስ» ብሎ ባለርስቱን ማስገደድ ይችላል። ይህ ነው እንግዲህ በትኬት የሚሸጠው፤ የግዴታ ሥራ።

ተኩላ ከጠፋ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታልና እንግዳው የተኩላን ቦታ ተክቷል ይላሉ። ጥሩ ምትክ ነው። ተኩላ ደካማውን፣ እንስቷን፣ ግልገሉን ይበላል፤ ቁጥር የሚቀንሰውም ያ ነው። ተተኪው ተኩላ ግን የሚያልመው ቀንድ ያለውን ወንዴ፣ ያውም በመኸር፣ ቅጠሉ ወርቅ ሲሆንና ሎጁ ውስጥ እሳት ሲነድ ነው። የምትወልደው እንስት ናት፤ የእሷ አደን ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እስከ የካቲት፣ በበረዶና በአጭር ቀን ነው። ቀንድ የላትም፤ በሳሎን ግድግዳ ላይ አትሰቀልም። ስለዚህ በዚያ ወራት አብዛኛው ሥራ ለዚያው ደመወዝተኛ መሪ ይቀርለታል፤ ያለ ፎቶ፣ ያለ ጉርሻ፣ አንዳንዴም ብቻውን። ለእንግዳው የሚሸጠው ወንዴ እንዳይጠፋ ደግሞ በክረምት መኖ የሚያወጡለት ርስቶች አሉ። በጥር ያበሉታል፣ በመስከረም «በዛብን» ይላሉ።

ስም ማትረፍ የፈለገ ወደ እኛም መጥቶ ያውቃል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን፣ በአሥር ሳንቲማችን ላይ ያለውን፣ በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን 1908 ገደለው፤ 1910 የሳይንስ ስሙ በገዳዩ ተሰየመ። ባላገሩ ከዘመን ዘመን አብሮት ስለኖረ ብቻ ምንም አልተሰየመለትም። ደረሰኝ አልነበረውም።

አመሻሽ ላይ እንግዳው ታጥቦ፣ ጉንጩ ላይ የደረቀውን ደም ግን ለእራት ሰዓት አትርፎ ይወርዳል። ነፋሱ እንዴት እንደዞረ፣ እንዴት ገምቶ እንዳገኘው ይተርካል፤ በትረካው ውስጥ መሪው ቀስ በቀስ እየሳሳ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ጨርሶ ይጠፋል። መሪው በዚያ ሰዓት ከግቢው ኋላ፣ በባትሪ ብርሃን፣ ነገ ለሚመጣው ጠመንጃ የብረቱን አጋዘን ነጭ ቀለም እየቀባ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ጥይት አንዱ ብቻ ብረቱን ነክቶታል፤ እሱም ቀንዱን።