አክተር አይሞትም፦ የሰላይ ፊልም ምስጢር በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሊቃውንት ዓይን

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ የሰላይ ፊልም ጥናት የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ አይደለም። የተጀመረው በቪዲዮ ቤት ነው፤ ማለትም አግዳሚ ወንበር በተደረደረበት፣ መስኮቱ በጆንያ በተጋረደበት፣ አንድ ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ በተሰቀለበት ክፍል። እዚያ የተመረቁት ሊቃውንት ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ፊልም የሚያስጭኑትም በፍላሽ ነው፤ የዘርፉ ሕጎች ግን አልተሻሻሉም።

የመጀመሪያው ሕግ ሁለት ቃል ነው፦ አክተር አይሞትም። በዚህ ትምህርት መሠረት በአንድ ፊልም ውስጥ አክተር አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ስማቸው በማስታወቂያው ላይ የቱንም ያህል ጎልቶ ቢጻፍ፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ሟቾች ናቸው። ሕጉ ለተመልካቹ ትልቅ እረፍት ይሰጣል፤ አክተሩ ከአሥረኛ ፎቅ ሲወረወር የሚጨነቀው አዲስ ገቢ ተማሪ ብቻ ነው።

ሕጉ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣውና ከጆን ለ ካሬ ልቦለድ በተሠራው «ዘ ስፓይ ሁ ኬም ኢን ፍሮም ዘ ኮልድ» ላይ፣ ሪቻርድ በርተን የሚጫወተው እንግሊዛዊ ሰላይ ሙንት የሚባለውን የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ሰው ሊያጠፋ ይላካል። ኋላ ላይ ግን ሙንት ለካ የእንግሊዞች ሰው ኖሯል፤ አክተሩም የተላከው ሳያውቀው ሊያድነው ነው። ይህን እንደተረዳ በበርሊን ግንብ ሥር በጥይት ይወድቃል። በቪዲዮ ቤት ሥርዓት ይህ ገንዘብ የሚያስመልስ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ፈተና የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው «ኖ ዌይ አውት» ኬቨን ኮስትነር የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ፣ ዩሪ የተባለ የሶቪየት ሰላይ ሲታደን በአደኑ መሐል ይሯሯጣል። መጨረሻ ላይ ዩሪ እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ! አክተሩ አልሞተም፤ ሕጉ በፊደሉ ተጠብቋል። ሊቃውንቱ ግን ለማን ሲያጨበጭቡ እንዳመሹ እስካሁን በይፋ አልተናገሩም።

ሁለተኛው ሕግ ከእድር ደንብ የተወሰደ ነው፦ ሬሳ ካልታየ ድንኳን አይተከልም። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራያን ዲ ፓልማ የተዘጋጀው የመጀመሪያው «ሚሽን ኢምፖሲብል» ለዚህ ዓይነተኛ ማስረጃ ነው። የቡድኑ አለቃ ጂም ፌልፕስ ፕራግ ውስጥ ተመቶ ከድልድይ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ቶም ክሩዝ አመነ፤ አዘነም። የእድር ልምድ ያለው ተመልካች ግን አንድ እንባ አላባከነም። ዲ ፓልማ በበኩሉ ጥሩ ፍንጭ ቀብሮ ነበር፦ ከቺካጎው ድሬክ ሆቴል የወጣ፣ የሆቴሉ ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ቅዱስ። ክሩዝ ከማኅተሙ ተነሥቶ ከዳተኛው የሚወደው አለቃው መሆኑን እስኪደርስበት ብዙ ሰው አልቋል። ከሆቴል ክፍል መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የወጣ ሰው ሌላ ምን እንደማያደርግ ለማወቅ የጎፋ ገብርኤል ምእመናን ማኅተም ማየት ባላስፈለጋቸው ነበር።

እዚህ ላይ የዚህ ጥናት ዋና ግኝት ይመጣል። አስተማማኙ ፍንጭ ጥቁር መነጽር ወይም በጋዜጣ የተሸፈነ ፊት አይደለም። ደግነት ነው። የሚያጽናና አለቃ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ፣ ሳይለመን የሚያስተናግድ ሰው፦ ፊልሙ ሳያልቅ ይገለበጣሉ።

እውነተኛው ዓለምም ይህንን ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣው የጊዲዮን ራፍ ፊልም «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞሳድ ሰዎች በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ቦታ፣ የመዝናኛ መንደር ከፍተው እንደ ተራ ነጋዴ ይሠሩ ነበር። ቀን ቀን እንግዳ ያስጠልቃሉ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ሱዳን የደረሱ ቤተ እስራኤላውያንን ከስደተኛ መጠለያ እያወጡ ወደ ባሕሩ ያሻግራሉ። መንደሩ እውነተኛ ቱሪስቶች ነበሩት፤ እንግዶቹም በመስተንግዶው ረክተው ይመለሱ እንደነበር ይነገራል። በምድረ በዳ ዳርቻ እንዲህ ያለ መስተንግዶ ማየትና አለመጠርጠር የሱዳን ጸጥታ ሠራተኞች የቪዲዮ ቤት ትምህርት እንዳልነበራቸው ያሳያል። በነገራችን ላይ ፊልሙ አክተርነቱን የሰጠው ለክሪስ ኢቫንስ ነው። ወገኖቹን ሲያሰባስብ የነበረው የትግራይ ተወላጅ ፈረደ አክሉም መነሻ የሆነለት ገጸ ባሕርይ ሁለተኛ ሰው ሆኖ ቀርቷል፤ አክተር አንድ ብቻ ነው የሚለው ሕግ እንዲህ ያለ ዕዳም አለበት።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የዓድዋው ነው። ባሻ አውዓሎም ለጣሊያኖች መረጃ አቀባይ ነበሩ፤ ጣሊያኖችም ያምኗቸው ነበር። ታሪኩ እንደሚነገረው የምኒልክ ጦር ስንቅ ፍለጋ መበታተኑን ለጄኔራል ባራቲዬሪ ነገሩት፤ ልባቸው ግን ከኢትዮጵያ ጋር ነበር። ባራቲዬሪ ሌሊቱን ጦሩን አንቀሳቀሰ። በዚያ ላይ በእጁ ያለው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ የተሳሳተ ቦታ ላይ አስቀምጦት ስለነበር፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ። ሲነጋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር፤ የቀረው ይታወቃል። ሆሊውድ ይህን ቢሠራው ተመልካቹ «አሁንስ አበዙት» ይል ነበር፤ በአንድ ሌሊት ሁለት ግልበጣ፣ ያውም አንዱ በካርታ ስህተት! ፍንጩ ግን እንደ ደንቡ ፊት ለፊት ነበር። የልብ የሚያደርስ ወሬ፣ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ከታማኝ ሰው አፍ።

ግኝቱ በክፍለ ከተማው ውስጥ ሲፈተሽ ግን ይወላገዳል። ላፍቶ ውስጥ ከአንድ የምሳ ጠረጴዛ በሒሳብ ሰዓት «እኔ ልሙት» የሚሉ ሦስት ሰዎች ይነሣሉ (ማናቸውም አይሞቱም)። ታክሲ ውስጥ ከፊት የተቀመጠው የኋለኛውን ሒሳብ ሳይነገረው ይከፍላል። ደግነት ፍንጭ ከሆነ የወረዳው ነዋሪ በሙሉ መታሰር አለበት። ስለዚህ ለአገር ውስጥ አገልግሎት ሕጉ መገልበጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የታራንቲኖ «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ» እንግሊዛዊው መኮንን እንደ ጀርመን ለብሶ፣ ጀርመንኛ እየተናገረ፣ ሦስት ብርጭቆ ሲያዝ አውራ ጣቱን ባለመጠቀሙ ተያዘ። መካኒሳ ውስጥ እንዲህ ያለው ሰላይ የሚያዘው በአቦሉ ነው፤ አንድ ስኒ ጠጥቶ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይነሣል። ወይም «እንደምን አደርክ» ሲባል ደኅንነቱን ተናግሮ ስለ ልጆቹ ሳይጠይቅ ያልፋል። ወይም ሒሳብ ሲመጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ያውም አማርኛው እንከን ሳይኖርበት።

በዘርፉ አንድ ጥያቄ ገና አልተፈታም። ከዳተኛው ፊቱን ሊያዞር ሲል መብራት ይጠፋል። በጨለማው ውስጥ ፊልሙን ቀድመው ያዩ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያዩ ከዳተኞችን ያጋልጣሉ፤ ሦስቱም እኩል ይምላሉ። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ይነሣ የሚሉና ካቆመበት ይቀጥል የሚሉ ይከራከራሉ። ክርክሩን እስካሁን የቋጨው የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ነው፦ የአርሴናል ጨዋታ ሊጀምር አምስት ደቂቃ ስለቀረው ፊልሙን ያወጣውና ለኳሱ እንደ አዲስ ያስከፍላል።